የእርጥብ ጠፍር ልክ

ወንድሜ በድረዲን ቤት ሠሪ ነበር። ከጎብዬ እስከ ቆቦ እሱ ያላቆመው ቤት የለም ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ እህቱ ነኝና ይቅር በሉኝ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነበር። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሣር ሲከድን ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ መንዙማውን ለቀቅ አድርጎ ሰፈሩን ያደምቀዋል። «በድሬ መሬት ላይ ያፍራል፣ ጣሪያ ላይ ይደፍራል» እያልን እንስቅበት ነበር።

ሙያውን ያስተማረው አያ አለሙ የሚባል አናጢ ነው። አያ አለሙ ከትግራይ በኩል መጥቶ ቆቦ ላይ የከተመ ክርስቲያን ሲሆን የአብራኩ ክፋይ አልነበረውም። ሁለት የሰው ልጆች ሰብስቦ እንደ ልጆቹ አሳደገና እጁን አወረሳቸው። አንዱ ወንድሜ ነው። ሌላው ሸረፈዲን ይባላል። ሁለቱ ከአንድ ትሪ በልተው፣ አንድ ነጠላ ለብሰው አደጉ። ሸረፈዲን ለኔ ሽማግሌ በላከ ጊዜ አባታችን አመነታ፤ ወንድሜ ግን «መይሙ፣ ከሱ የተሻለ ሰው አላውቅም፣ አብሽሪ» አለኝ። በወንድሜ ቃል አገባሁት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለውን ተረት ያኔም አውቀው ነበር፤ ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር እንጂ።

አያ አለሙ ለሁለቱም አጥብቆ የሚነግራቸው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ስለ ፍሳሽ ነው። ቤት ሲያፈስ ጠብታው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ ውሃው የገባው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ በሣሩና በእንጨቱ እየተንሸራተተ ወርዶ ነው ራስህ ላይ የሚያርፈው። ስለዚህ ጠብታው ከወደቀበት ተነስተህ ወደ ላይ ትጠይቃለህ፤ ሣሩን፣ ከሣሩ ማገሩን፣ ከማገሩ ምሰሶውን። ውሃው የገባበት ሳይገኝ ጠብታው የወደቀበትን የሚደፍን ሰው ቤት ሠሪ አይባልም ይል ነበር። ሁለተኛው ስለ ሰው ነው። ከወንድምህ እጅ የተቀበልከውን ልክ መልሰህ አትለካም። ልኩን ከለካኸው ወንድምነቱን ለካኸው ማለት ነው። በአገራችን ቤት ሠሪዎች ዘንድ ይህ እስከ ዛሬ ነውር ነው፤ የተሰጠህን ልክ ሰጪው እያየህ በክንድህ ብትሞክረው ሰውየው መሣሪያውን ሰብስቦ ይሄዳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የመጀመሪያው ትምህርት ወርቅ ነው። ሁለተኛው ነው ወንድሜን የበላው።

አያ አለሙ ሲሞት የወይራ ዘንጉን ለሸረፈዲን ሰጠ፤ በዕድሜ ታላቅ እሱ ስለነበር ነው። ቤቱ ሁሉ የሚለካው በዚያ ዘንግ ነበር። ወንድሜ አልከፋውም። «ዘንጉ እሱ ጋ ካለ እኔ ጋ አለ» አለ።

ከዚያ የድርቁ ዘመን መጣና አለፈ። በማግስቱ ዓመት መንግሥት ሰውን ከየማሳው አንስቶ በአንድ መንደር ሊያሰፍር ተነሳ። የኛም ቀበሌ ሰው ከሮቢት በስተምሥራቅ ሜዳው ላይ ሰብሰብ ብሎ እንዲሰፍር ተወሰነ። ቤቱ ዓይናችን የለመደው ክብ ጎጆ አልነበረም፤ አራት ማዕዘን ሆኖ፣ ሰፋ ብሎ፣ እንደ ወታደር በሰልፍ የሚቆም ነው። ካድሬው በብረት ሜትር እየለካ ችካሉን አስመታ። ሸረፈዲን የመንደሩ ግንባታ ኃላፊ ሆነ። ወንድሜ ደግሞ ምሰሶ የሚቆርጡትን ሰዎች ይዞ ወደ ዞብል ተራራ ግርጌ እንዲሄድ ተባለ። እንጨቱ እዚያ ልኩ ተቆርጦ በአፋር ግመሎች ይመጣል፣ እዚህ ይቆማል፣ ሣር ይከደናል።

ጣሪያውን ከመሐል ቀና አድርጎ የሚይዘው ምሰሶ ሁለት ዘንግ እንዲሆን ተስማሙ። ዘንጉ ግን አንድ ነው፤ መንደሩ ውስጥ ለግድግዳው ያስፈልጋል። ስለዚህ ሸረፈዲን የሁለት ዘንግ ልክ በጠፍር ወስዶ ለወንድሜ ሊልክለት ሆነ። ጠፍር ይጠቀለላል፣ በአህያ ይጫናል፣ ባለሙያ የሚመርጠው ነው። ነገር ግን ጠፍር ልክ የሚያዝበት ቆዳው ከደረቀ በኋላ ነው። እርጥብ ቆዳ በራያ ፀሐይ ሲደርቅ እንደ ንፉግ እጅ ይኮማተራል። ይህን እረኛ እንኳ ያውቀዋል።

የዚያን ቀን ለመንደር ምሥረታው በዓል በሬ ታርዶ ነበር። ካድሬው «ዛሬውኑ ሥራ ይጀመር» ብሎ ሸረፈዲንን አጣደፈው። እሱም ደረቅ ቆዳ ከቤት ማምጣት ሰንፎ፣ ከታረደው በሬ ቆዳ ላይ ረጅም ጠፍር ቀደደ፤ ዘንጉን ሁለት ጊዜ አስተኝቶ ለካና ጫፉን ቋጠረ። ደሙን በውሃ ያጠብኩለት እኔ ነኝ። «እርጥብ ነውኮ» አልኩት። «መቼም ዛሬውኑ ይደርስለታል፣ ነገ ሌላ እልካለሁ» አለኝ። ሌላ አልላከም።

ጠፍሩ በአህያ ጀርባ ፀሐይ ላይ ውሎ ላይ ላዩን ደርቆ ዞብል ግርጌ ሲደርስ፣ ካድሬው እልካለሁ ያለው መጋዝ ገና አልደረሰም ነበር። ወንድሜ ጠፍሩን ቁርቁራ ዛፍ ላይ ሰቀለው። መጋዙ እስኪመጣ ጠፍሩ ደርቆ ጠነከረ። የጥንካሬው ነገር ከንክኖት መልእክት በሚያመላልሰው ግመለኛ በኩል «በደረቅ ቆዳ ነው የለካኸው?» ብሎ ላከበት። ሸረፈዲን «አዎ፣ ደረቅ ነው» ብሎ መለሰ። ወንድሜ ከዚያ በኋላ አልጠየቀም። ወንድሙ የሰጠውን ልክ በክንዱ አልሞከረም። ጠፍሩን አስተኝቶ አንዱን ምሰሶ ቆረጠ፤ ሰዎቹም በዚያ ምሰሶ እያስተያዩ የቀረውን ሁሉ ቆረጡ።

እንጨቱ በግመል እየመጣ ቤቶቹ ተራ በተራ ቆሙ። የኛ ቤት የመጨረሻው ነበር፤ ጉብታ ላይ ያለችው ቦታ ደርሳን ነው። ለሱ ሲደርስ የዞብሉ እንጨት አልቆ የተረፈው አንድ ጠማማ ብቻ ሆነ። ሸረፈዲን ከድሮው ማሳችን ጥግ ያለውን ዋንዛ ቆረጠው። ፍየሎቼ የሚጠለሉበት ዛፍ ስለነበር አኩርፌው ከረምኩ። አሁን ሳስበው የተጣላነው በማይረባው ነገር ነበር።

ወንድሜ ከዞብል ሲመለስ ቤቶቹ ሁሉ ተከድነው ጠበቁት። መንገዱ ላይ ቆሞ ሲያያቸው አስታውሳለሁ።

«ሸሪፎ፣ ጣሪያው አልተኛም? ቁልቁለት ያነሰው መሰለኝ» አለው።

«ዓይንህ ጎጆ ስለለመደ ነው። ሜትሩ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ ቤቱ ሰፊ ነው» አለ ባሌ።

ወንድሜ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። አመነው። ምን ያድርግ፣ እኔም አምኜው የምኖር ሰው ነበርኩ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጣለ። የቆላ ዝናብ ታውቃላችሁ፤ ይጠፋል ይጠፋል፣ ሲመጣ ግን የዓመቱን ዕዳ ባንድ ከሰዓት ይከፍላል። የተኛ ጣሪያ ውሃ አያንሸራትትም፣ ይጠጣል። ሣሩ ጠጣ፣ ከበደ፣ መንደሩ ሁሉ ማፍሰስ ጀመረ። የእማ ለተ ብርሃን ቤት ጣሪያው እርጥቡን ሣር መሸከም አቅቶት ተደረመሰ። እማ ለተ ብርሃን አሮጊት ባልቴት ናት፤ ማገሩ ጭኗ ላይ ወድቆ ሰበራት። ወንድሜ ከእንጨቱ ሥር አውጥቶ ተሸከማትና ቅርብ ወደነበረው ወደኔ ቤት አስገባት። አጎዛ አንጥፌ ተቀበልኳት።

ሰው ሁሉ በጭቃ ቦክቶ ወደ ቤቴ ገባ። «ያንቺ ቤት ምነው ጠብ አላለም?» አለችኝ የወንድሜ ሚስት ሀጀራ።

«ጉብታ ላይ ስለሆነ ነው፣ አልሀምዱሊላህ» አልኩ። ቂሌ እኔ፣ ውሃ ከሰማይ መምጣቱን ረስቼ።

ወንድሜ ቀና ብሎ ጣሪያዬን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ወለሉ ላይ አሳረፈ። ውሃ ስጪኝ አለኝና ጠጥቶ ወጣ።

ካድሬው በማግስቱ መጣ። «ይህ አሻጥር ነው፣ ጓዶች። የአብዮቱን መንደር በራሳችን ሰዎች ላይ አፈረሱት» አለ። ጥፋተኛው ዛሬውኑ ካልተገኘ ሁሉንም ቤት ሠሪ አስሬ እወስዳለሁ ብሎ ፎከረ። ሽማግሌዎቹ ተማክረው አውጫጭኝ ይሁን አሉ። አገር ምድሩ ሾላው ሥር ተቀመጠ፤ ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። መሪው አያ ደስታ ነበሩ፤ ክርስቲያን ናቸው፣ ግን እስላሙም ክርስቲያኑም የሚዳኝባቸው ሰው ናቸው። የአውጫጭኙም አካሄድ የአያ አለሙ ትምህርት ነበር፤ ከጠብታው ተነስቶ ወደ ላይ መጠየቅ።

መጀመሪያ ሣር ከዳኙ ቆመ። «ሣሩን በደንብ አስረሃል?»

«አስሬአለሁ። ጣሪያው ተኝቶ ነው የተቀበልኩት።»

«ከማን ተቀበልክ?»

«ካቆሙት።»

ያቆሙት ቆሙ። እነሱም ምሰሶው አጭር ሆኖ ነው የመጣልን አሉ። ከማን? ከዞብል። ዞብል ማን ቆረጠው? ወንድሜ ተነስቶ ቆመ።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በተሰጠኝ ልክ ነው የቆረጥኩት» አለ።

«ልኩን ከማን ተቀበልክ?»

«ከወንድሜ ከሸረፈዲን። ጠፍር ነው የላከልኝ። ሥራው ሲያልቅ መለስኩለት።»

ሰው ሁሉ ወደ ባሌ ዞረ። እኔ በሴቶቹ በኩል ልጆቼን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ልቤ አልፈራም ነበር፤ አምላክ ምስክሬ ነው። አሁን ተነስቶ «አዎ፣ ችኮላ ነው፣ ቆዳው እርጥብ ነበር» ይላል፤ ካድሬው ይቆጣል፣ ሽማግሌው ይለምናል፣ ነገሩ በካሳ ያልቃል ብዬ ነበር። ስህተት ነዋ። የሰው ልጅ የሚሳሳተው ስህተት ነዋ።

ሸረፈዲን ካድሬውን አየ። ቀጥሎ መሬቱን አየ። «ጠፍር የሚባል አላውቅም። ሁለት ዘንግ ቁረጥ ብዬ በቃሌ ነው የላክሁበት» አለ።

«ማል» አሉት አያ ደስታ።

«ወላሂ» አለ።

ተነሳሁ። ሴት በአውጫጭኝ አትናገርም ማለታቸውን እያወቅሁ ተነሳሁ። «አያ ደስታ፣ ጠፍሩን በእጄ ያጠብኩት እኔ ነኝ! የታረደው በሬ ቆዳ ነው። ትናንትና ደግሞ ከጓሮዬ ቆዳ ሲቃጠል ሸትቶኛል፤ ምን እንደነበር አሁን ገባኝ» አልኩ። ጮኼ ነው የተናገርኩት። ሰው አጉረመረመ። ካድሬው ሳቀብኝ። «ለወንድሟ ነው የምታለቅሰው» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱም «ሚስት ባሏን ካጋለጠች ነገ ማን ቤቱ አምኖ ያድራል?» አለ። አያ ደስታ አንገታቸውን ደፉ። እሳቸውም ቢሆኑ፣ ጠፍሩን ዞብል ላይ ያዩት ቆራጮችም ቢሆኑ የካድሬው ሽጉጥ ይታያቸዋል።

ያን ጊዜ ባሌ አንድ ነገር አደረገ። ማንም ሳይጠይቀው ሄዶ የአያ አለሙን ዘንግ አመጣ። «ይኸው ለኩት» አለ። ከወደቀው ቤት ምሰሶ አምጥተው በዘንጉ ለኩት። ሁለት ዘንግ ሊሞላ አንድ ክንድ ጎደለው። ያንን ዘንግ ሁለቱም በልጅነታቸው ተራ እየተቀበሉ የተሸከሙት ነው። ባሌ እጁን ሳያነሳ በዚያው ዘንግ ወንድሜን መታው።

ነገሩ የጥያቄው ሰንሰለት የተበጠሰበት ላይ ቆመ። ወንድሜ እጅ ላይ ቆመ። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ጉብታው ላይ ያለውን ቤቴን አየ፣ ከዚያ እኔንና ልጆቼን አየ። ሊናገር አፉን ከፈተ። «ተይ መይሙ፣ ልጆችሽን ይዘሽ ግቢ» ብቻ አለኝ። ወልድያ ወስደው አሰሩት።

ሦስት ክረምት ታሰረ። ሀጀራ ስንቁን ተሸክማ ወልድያ ትመላለሳለች። ስንቅ ላዋጣላት ብዬ በሄድሁ ቀን ከበር መለሰችኝ። «ያንቺ ልጆች አባት እቤቱ ነው ያለው» አለችኝ። ስንቁን እንደያዝኩ ተመለስኩ። ባሌን ማታ ማታ እጠይቀዋለሁ፤ «በቃል ነው የላክሁበት» ይለኛል። ደጋግሞ ሲለው ራሱም ያመነው መሰለኝ። እኔም ልጆች አሉኝ፤ እያኮረፍኩ፣ ጀርባዬን እየሰጠሁት ኖርኩ። ቢያንስ በድንጋጤ ነው የካደው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ጠፍሩን ያቃጠለውም ካድሬውን ፈርቶ ነው፣ በዚያች ቅጽበትም ምላሱ አዳልጦት ነው። ለዚህ ለዚህማ ሰው ይቅር ይባላል።

በሰማንያ አንድ የደርግ ጦር አገሩን ለቆ ሲወጣ እስረኛው ተለቀቀ። ወንድሜ ሽበት አብቅሎ፣ ወገቡን ይዞ መጣ። መንደሩም ፈረሰ። ሰው ቤቱን እየነቀለ፣ እንጨቱን በትከሻው እየተሸከመ ወደየድሮ ማሳው ተመለሰ። የኛም ተራ ደረሰ። ሸረፈዲን ጣሪያውን ገልጦ፣ ማገሩን አውርዶ፣ ያንን የዋንዛ ምሰሶ መሬት ላይ አጋደመው። ከዚያ አህያ ሊያመጣ ሄደ።

ምሰሶው ላይ ልቀመጥ ጎንበስ ስል መጋዝ የነካውን አየሁ። ከምሰሶው ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ፣ በሣሩ ተሸፍኖ በኖረው ቦታ፣ የመጋዝ ቁስል አለ። ተጀምሮ የተተወ ነው፤ ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ቆሟል። ጣቴን ከተትኩበት። ዘንጉን አምጥቼ ምሰሶውን ለካሁ። ሁለት ዘንግ፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ። እስከ ቁስሉ ስለካው ደግሞ የዞብሎቹ ምሰሶዎች ቁመት ሆነ።

አንድም ሰው ሊያስረዳኝ አላስፈለገም፤ የሁለት ቤት ሠሪዎች ሰው ነኝ። ባሌ የተረፈውን የዞብል ምሰሶ ከዋንዛው አጠገብ አስተኝቶ፣ በዚያ ልክ መጋዙን ጀመረ። ጥቂት እንደሳበ አንድ ነገር ከነከነው። ቆመ። ዘንጉን አነሳና ለካ። ጠፍሩ መኮማተሩን ያኔ አወቀ። ከዚያም መጋዙን አንድ ክንድ ወደ ላይ አሻግሮ ለራሱ ቤት ትክክለኛውን ቆረጠ። ዝናቡ ሳይመጣ ነው ይህ፤ እማ ለተ ብርሃን ሳትሰበር፣ ወንድሜ «ጣሪያው አልተኛም?» ብሎ ሳይጠይቀው። በድንጋጤ ነው የካደው ስል የኖርኩት ሰው፣ መንደሩን ሁሉ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ትቶ የራሱን አሳምሮ ተኝቷል። እኔንም አስተኝቷል።

አህያዋን እየነዳ ሲመጣ ጣቴ እዚያው ነበር። አየና ቆመ።

«ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«ሁሉም ቆሞ አልቆ ነበር፣ መይሙ። አፍርሱ ብል ካድሬው ይገድለኝ ነበር። ዝናቡም ላይከብድ ይችል ነበር» አለኝ።

«ወንድሜን እንኳ?»

ፊቱን አዙሮ የአህያዋን ገመድ መፍታት ጀመረ። ይህ ከመሐላው ይልቅ አቃጠለኝ።

ወደ ወንድሜ ቤት ሮጥኩ። ደጁ ላይ ተቀምጦ መጥረቢያ ይስላል። ያየሁትን ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነገርኩት። መሳሉን አላቆመም።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን? ከመቼ ጀምሮ?»

«እማ ለተ ብርሃንን ተሸክሜ ቤትሽ ስገባ። ወለልሽ ደረቅ ነበር። እንደኛ እንጨት ቢሆን ደረቅ አይሆንም።»

«ታዲያ አውጫጭኙ ላይ ቤቱን እዩት አትልም ነበር? ሰው ጣሪያውን ገልጦ ያይ ነበርኮ!»

መጥረቢያውን አስቀመጠ። «ብናገር እሱን ይወስዱት ነበር። እኔ ነኝ እሱን የሰጠሁሽ። ልጆችሽ አባት ያጣሉ፣ አንቺም ያን ጣሪያ ታጪአለሽ» አለኝ።

እጁን ልስመው ነበር፣ ልመታውም ነበር። ሁለቱንም አላደረግሁም። ባሌም ወንድሜም እኔ ሳላውቅ ለኔ ወሰኑ፤ አንዱ ለራሱ ሲል፣ ሌላው ለኔ ሲል። አንደኛውን ይቅር ማለት አልቻልኩም። ሁለተኛውን ይቅር ማለት ደግሞ ከዚያ በላይ ከብዶኝ ቆየ፤ የማልጠላው ሰው ስለሆነ ነው።

የዚያኑ ቀን ልጆቼን ይዤ ወደ ወንድሜ ግቢ ገባሁ። ከቤቴ ያወጣሁት ዕቃ የዋንዛውን ምሰሶ ብቻ ነው። ሀጀራ ከአንዱ ጫፍ ያዘችልኝ። ወንድሜ በሱ ትንሽ ጎጆ አቆመልኝ፤ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሣሩን ሲከድን አላዜመም። የመጋዙን ቁስል ሊልጠው ሲል «ተወው፣ ይታይ» አልኩት።

ወንድሜ ከሞተ ቆየ። አላህ ይዘንለት። ጎጆዬ እስከ ዛሬ አታፈስም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን ከመደቤ ወርጄ መዳፌን ወለሉ ላይ አሳርፋለሁ። ሌላው ሰው እርጥብ ቢያገኝ ይደነግጣል፤ እኔን የሚያስደነግጠኝ ደረቅ ሆኖ ሳገኘው ነው።